ከቆላ ጠብታ እስከ ደጋ ላቦራቶሪ፦ ስለ ወባ ምርምር ጠይቃችሁናል

ክረምቱ ወጥቶ ወባ በቆላው የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የላኪዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ልጄ በባዮሎጂ ተመርቃ አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ወባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው እንጂ ወባ የለበትም። ወባ በሌለበት አገር ስለ ወባ ምን ይጠናል? የሰው ደም ስትነካስ በሽታው አይዛትም ወይ? *አባት፣ ከደብረ ሲና*

መልስ፦ አባታችን፣ ወባ የለበትም ያሉት ልክ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ከ18 ዲግሪ፣ ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች ዕድገቱ ይቆማል፤ ወይም እጅግ ስለሚዘገይ ትንኟ ቀድማው ትሞታለች። ከእናንተ ከተማ ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ግን ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ እዚያ ያለውን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ልጅዎ የምትሠራው ከዚያ በመጣች ጠብታ ላይ ነው። ጠብታዋ ከሕመምተኛ ጣት ላይ በማጣሪያ ወረቀት ተወስዳ ትደርቃለች፣ በፕላስቲክ ከረጢት ሆና የጣርማ በርን ተራራ ትወጣለች፣ ላቦራቶሪ ስትደርስ ወረቀቱ ተበስቶ የተውሳኩ ዲኤንኤ ይወጣል። ተውሳኩ የትኛው ዝርያ እንደሆነ፣ መድኃኒት መልመድ መጀመሩን፣ መመርመሪያ ኪት ሊያየው የሚችል መሆኑን ከዚያ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መብራት፣ ፍሪዘርና ንጹሕ ክፍል ነው፤ ትንኝ ባይኖር ይመረጣል።

ስለ ጤንነቷ፦ በወረቀት ላይ በደረቀ ደም ውስጥ ያለው የወባ ተውሳክ ሞቷል፤ ደም በመንካትም ወባ አይተላለፍም። የሚያሰጋው እርጥብ ደም ያለበት ላንሴት (የጣት መውጊያ) ከወጋት ነው። በዚያ መንገድ ወባም፣ የጉበት ቫይረስም፣ ኤችአይቪም ሊተላለፍ ይችላል። ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መጨረሷን ይጠይቋት። ናሙና ልትሰበስብ ቆላ ስትወርድ ደግሞ የደጋ ልጅ በመሆኗ ሰውነቷ ወባን አያውቀውም። በአጎበር ትደር፤ ከተመለሰች በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት ትኩሳት ከያዛት ለሐኪሙ የመጀመሪያ ቃሏ «ቆላ ነበርኩ» ይሁን። ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ካልተነገረው ወባን ላያስብ ይችላል።

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያችን አርዲቲ (ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት) ኔጌቲቭ ያለውን ታካሚ በማይክሮስኮፕ ስናይ አንዳንዴ ፋልሲፓረም እናገኛለን። ኪቱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ስህተቱ የእኛ ነው? *የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከኤፍራታና ግድም*

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛም ምክንያት አለ፤ ደብዳቤያችሁን በቁም ነገር የያዝነው በእሱ ምክንያት ነው። ግን ቀላሉን ሳያጣሩ ወደ ከባዱ መሮጥ ስለማያዋጣ በተራ እንሂድ።

አብዛኛው ኪት የሚፈልገው 5 ማይክሮ ሊትር ደም ነው። ማንሻዋ ሳትሞላ ከተነሳች ደሙ ያንሳል፤ ከበዛ ደግሞ ስትሪፑ (የኪቱ መመርመሪያ ወረቀት) ቀይ ሆኖ ደካማውን መስመር ይሸፍነዋል። በፈሩ (ከደሙ ጋር የሚጨመረው ፈሳሽ) የዚያው ኪት መሆን አለበት፤ ሲያልቅ ከሌላ ኪት መዋስ ውጤቱን ያበላሻል። ንባቡ መመሪያው ባዘዘው ደቂቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20። ሰልፍ በበዛበት ቀን በ5 ደቂቃ የተነበበ ኪት ደካማ መስመር አያሳይም። ቀጥሎ ዕቃ ቤቱን እዩ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የቆላ መጋዘን ከቀትር በኋላ በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ሙቀት ሊያልፍ ይችላል። «የሲ መስመር ወጥቷል፣ ስለዚህ ኪቱ ደህና ነው» የሚል አስተሳሰብ ሰፊ ነው፤ ልክ ግን አይደለም። የሲ መስመር የሚነግረን ፈሳሹ በስትሪፑ ላይ መሄዱን ነው። ተውሳኩን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል በሙቀት ከተጎዳ ሲ ወጥቶም ፈተናው ሊያሳስት ይችላል።

ከዚያ ቁጥሩን አስሉ። በወፍራሙ ፊልም (ስላይድ ላይ ወፈር ተደርጎ በተቀባው ደም) ላይ 200 ነጭ የደም ሕዋስ እስኪሞላ ተውሳኩን ቁጠሩ፤ ተውሳኩ 100 ካልሞላ ነጩን እስከ 500 ቀጥሉ። የተውሳኩን ቁጥር በ8,000 አባዙና በቆጠራችሁት ነጭ ሕዋስ አካፍሉ። 200 ነጭ ላይ 150 ተውሳክ ካገኛችሁ 6,000 በማይክሮ ሊትር ነው። አርዲቲ ከ100 እስከ 200 በማይክሮ ሊትር ገደማ በታች ያለውን ሊያመልጠው እንደሚችል ይታወቃል፤ 60 ላይ ኔጌቲቭ ቢል አይፈረድበትም። በ6,000 ላይ፣ ኪቱም ንባቡም ደህና ሆኖ፣ ሌላ ሎት (በሌላ ዙር የተመረተ ኪት) ሲሞከርም ኔጌቲቭ ካለ ግን ተውሳኩን ራሱን መጠርጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ኪት ፋልሲፓረምን የሚያገኘው ኤችአርፒ2 በሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል በተውሳኩ 8ኛ ክሮሞዞም ጫፍ አካባቢ፣ እሱን የሚመስለው ኤችአርፒ3 ደግሞ በ13ኛው ላይ ይገኛል። ሁለቱንም ያጣ ተውሳክ ይኖራል፣ ይራባል፣ ሰው ይገድላል፤ ኪቱ ግን አያየውም። መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ ነው። በኋላ ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኝቶ አገሪቱ ኪቷን ቀየረች። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት አማራን፣ ትግራይንና ጋምቤላን ይዞ በጠረፍ አካባቢዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው፣ በዚህ ምክንያት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉ በኪት ሊያመልጡ እንደሚችሉ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት ይቀየር የሚለው ይህ መጠን ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። በኪት የተገኙት እየታከሙ ያመለጡት ሲቀሩ፣ የሚራባው የማይታየው ይሆናል። ስለዚህ እናንተ ያያችሁት ስላይድ ተራ ነገር አይደለም።

ታካሚው በማይክሮስኮፑ ውጤት ይታከም፤ ይህ ለነገ አይባልም። ከዚያ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁና፣ በጥናት ፈቃድ የሚሰበስብ ቡድን ካለ ናሙና ያዙ። ጣቱ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ይድረቅ፤ እርጥብ ሆኖ ከተወጋ ደሙ ተበትኖ ጠብታ አይሠራም። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርጋችሁ ጣሉ። ቀጣዮቹን፣ እያንዳንዳቸው 50 ማይክሮ ሊትር ገደማ፣ በማጣሪያ ወረቀቱ ክብ ውስጥ በአንድ ጊዜ አውርዱ፤ ጠብታ ላይ ጠብታ አይደረብም። ቁጥሩ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይጠፋል። ወረቀቱ ከፀሐይና ከዝንብ ርቆ ቢያንስ ለ4 ሰዓት፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ይደርቅ። እያንዳንዱ ለብቻው ከሲሊካ ጄል ጋር በሚዘጋ ከረጢት ይግባ። ሲሊካው ቀለም ከቀየረ እርጥበት ጠጥቷልና ቀይሩት። ጠቆር ያለ ቡና የሚመስልና ጀርባው ድረስ የዘለቀ ጠብታ ደህና ነው። መሐሉ ቀይ ሆኖ የሚያበራ ገና አልደረቀም፤ ከታሸገ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ኔስትድ ፒሲአር (ዲኤንኤን በሁለት ዙር የሚያባዛ ምርመራ) ስሠራ ውሃ ብቻ ያለበት ቱቦ ላይ ባንድ (ዲኤንኤ መኖሩን የሚያሳይ የጄል መስመር) ይወጣል። በማይክሮስኮፕ ፖዘቲቭ መሆኑ የታወቀ ናሙና ደግሞ አንዳንዴ ምንም አያወጣም። *የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን*

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ ለየብቻ እንያቸው።

ከውሃው እንጀምር። በመጀመሪያ ባንዱ ስንት ላይ እንዳለ እይ። በ18ኤስ ዘረ መል ላይ በሚሠራው የተለመደ ኔስትድ የፋልሲፓረም ባንድ 205፣ የቫይቫክስ 120 ቤዝ ፔር (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) ላይ ይወጣል። ፕራይመሮች (ማባዛቱን የሚያስጀምሩ አጫጭር ዲኤንኤዎች) እርስ በርስ ተጣብቀው የሚሠሩት ዳይመር ከ100 በታች ስለሚወድቅ ከቫይቫክስ ጋር ያምታታል። 2 በመቶ አጋሮዝ ጄል፣ በ50 ቤዝ ፔር የሚከፈል ላደር (የርዝመት ማነጻጸሪያ) ተጠቀም፤ ቀለሙ ከጄሉ ሁለት ሦስተኛ ሳይደርስ አታቁመው።

ባንዱ ልክ 205 ላይ ከሆነ ብክለት ነው። ኔስትድ በባሕርዩ ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ቱቦው ይከፈታል። አንድ ዲኤንኤ በየሳይክሉ እጥፍ እየሆነ በ30 ሳይክል ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። ክዳኑን ስትከፍት በጓንትህ ላይ የምታርፈው የማትታይ ቅንጣት ለሚቀጥለው ወር ሥራ ሁሉ ትበቃለች። ብክለቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሦስት ባዶ ቱቦ አስገባ፦ ከንጹሕ ማጣሪያ ወረቀት እንደ ናሙና የወጣ፤ በመጀመሪያው ዙር ውሃ ገብቶበት ወደ ሁለተኛው የተሻገረ፤ በሁለተኛው ዙር ብቻ አዲስ ውሃ የገባበት። ሦስቱም ባንድ ካወጡ የሁለተኛው ዙር ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) ወይም ጠረጴዛ ተበክሏል። የመጨረሻው ንጹሕ ሆኖ ሁለቱ ካወጡ የመጀመሪያው ዙር ነው። ወረቀቱ ብቻ ካወጣ መብሻህን ጠርጥር። በሁለት ናሙና መካከል ንጹሕ ወረቀት ብዙ ጊዜ ካልተበሳ፣ ከፍተኛ ተውሳክ ያለበት ጠብታ ቅሪት ወደ ቀጣዩ ይሻገራል።

የተበከለ ሪኤጀንት ለማዳን አትልፋ፤ ጣለው። አዲሱን ገና ሲመጣ ለአንድ ቀን ሥራ በሚበቃ መጠን በትናንሽ ቱቦ ከፋፍለህ አስቀምጥ። ማስተር ሚክስ (የፒሲአሩ ኬሚካሎች ድብልቅ) የሚዘጋጅበት፣ ዲኤንኤ የሚጨመርበትና ጄል የሚሠራበት ቦታ ይለያዩ፤ ፒፔትና ጋዋንም እንደዚያው። ጄል ክፍል የገባ ሰው በዚያ ቀን ወደ ማስተር ሚክስ አይመለስ። ክፍል ካነሰ በሰዓት ለዩት፦ ጠዋት ማስተር ሚክስ፣ ከሰዓት ጄል። ጠረጴዛው በ10 በመቶ በረኪና ተወልውሎ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በውሃ ይጠረግ። አልኮል ብቻውን ዲኤንኤን አያጠፋም። ተማሪዎች የሚሳሳቱበት አንዱ ይህ ነው።

አሁን ባንድ ስላልወጣው ናሙና። ደብረ ብርሃን ላይ መሥራት የራሱ ጣጣ አለው፤ የመመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ደግሞ በባሕር ወለል ከፍታ እንደሚሠሩ አድርገው ነው የሚጽፉት። ዲኤንኤውን በቼሌክስ (ለማውጫ በሚያገለግል ቅንጣት) የምታወጣ ከሆነ መመሪያው ናሙናውን በ95 ዲግሪ አፍላ ይልሃል። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ክፍት የውሃ ባዝ የቱንም ያህል ቢንተከተክ 95 አይደርስም። ክዳኑ የሚቆለፍ ቱቦ በደረቅ ሂት ብሎክ ላይ አድርግ። አውቶክሌቭም (የእንፋሎት ማምከኛውም) እንዲሁ ነው፤ 121 ዲግሪ ለመድረስ በባሕር ወለል 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚበቃው ጌጅ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 19 መውጣት አለበት። ስለዚህ ከግፊቱ ይልቅ ሙቀቱን አንብብ፣ ጌጁም ከዕቃው አቅም ገደብ እንዳያልፍ ተጠንቀቅ። በዲኤንኤ ማውጫ ኪት የምታወጣ ከሆነ ደግሞ የላይሲስ በፈሩን ጠርሙስ ወደ መስኮት ብርሃን አንሥተህ እይ። ሌሊቱ ሲበርድ በውስጡ ያለው ዲተርጀንት እንደ ጨው ይረጋና ከሥር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። በዚያ ሁኔታ የሚመጠጠው ፈሳሽ ሕዋስ የሚያፈርሰውን ነገር ስለማይዝ ዲኤንኤው አይወጣም። በ56 ዲግሪ አሙቀህ ጥርት እስኪል እያገላበጥክ አሟሟው።

ሌላው ከደሙ የሚመጣ እንቅፋት ነው። ሄም (ደምን ቀይ የሚያደርገው) እና ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው) የፒሲአሩን ኤንዛይም ያግዳሉ፤ ከደም ሥር የምትወስድ ከሆነ ቱቦው በሄፓሪን ፋንታ ኢዲቲኤ የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ያለበት ይሁን። የቼሌክስ ቅንጣት ከዲኤንኤው ጋር ከተመጠጠ ማግኒዚየሙን ይይዝና ሥራው ይቆማል፤ ስለዚህ ከላይ ያለውን ጥርት ያለውን ብቻ ውሰድ። መለያው ቀላል ነው፦ ዲኤንኤውን በውሃ 1 ለ10 አቅጥነህ ድገመው። ሲቀጥን ባንድ ካወጣ የነበረው እንቅፋት ነው።

ከኤፍራታና ግድም ለጻፉልን ባለሙያዎች ከመለስነው ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር እንጨምር። ኤችአርፒ2 ጠፍቷል ብሎ ለመጻፍ ባንድ አለመውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ዲኤንኤው ደካማ ቢሆንም ባንድ አይወጣም። ከዚያው ናሙና እንደ ኤምኤስፒ1 እና ኤምኤስፒ2 ያሉ፣ በተውሳኩ ውስጥ አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ዘረ መሎች በትክክል መውጣታቸውን አሳይ። ድገመው። ከዚያ ጻፍ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወባን በዘረ መል የሚያጠና ሳይንቲስት መሆን እፈልጋለሁ። የግድ ሐኪም መሆን አለብኝ? *ከሸዋ ሮቢት*

መልስ፦ የለብሽም፣ እህታችን። በባዮሎጂ፣ በባዮቴክኖሎጂ ወይም በሜዲካል ላቦራቶሪ መግባት ይቻላል። ከሦስቱ አንዱን ምረጡ ብንባል ሜዲካል ላቦራቶሪን እናስቀድማለን፤ ከተመረቅሽ በኋላ ጤና ጣቢያ ላይ ሁለት ዓመት ስላይድ ያነበበ ዓይን በሞለኪውል ሥራ ላይ ብዙ ስህተት ያድናል። መጀመሪያ ዲግሪ 4 ዓመት፣ ሁለተኛው 2፣ ዶክትሬቱ 4 ገደማ፤ ከ10 ዓመት በታች አትቁጠሪው። አዲስ አበባ ላይ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አሉ። የኢንስቲትዩቱ ስም የዶክተር አክሊሉ ለማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዝያ ምርምራቸው መነሻ ሆነ። እዚህ ቅርብሽ ደግሞ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው።

አሁን ካለሽበት ክፍል ኬሚስትሪን አጥብቀሽ ያዢ። ነገ ላቦራቶሪ ስትገቢ በየቀኑ የምትሠሪው ማቅጠን ነው፦ 100 ማይክሮ ሞላር ፕራይመር ይሰጥሻል፣ 10 ትፈልጊያለሽ፤ 10 ማይክሮ ሊትር ከፕራይመሩ ላይ 90 ውሃ። 100 ውሃ ብታደርጊ አንድ ለ11 ይሆናል፤ ይህን የሚሳሳቱ ተመራቂዎች ጥቂት አይደሉም። ቀጥሎ ስታቲስቲክስና ኮምፒውተር። የፋልሲፓረም ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2002 ተነቦ ታትሟል፤ በ14 ክሮሞዞም 23 ሚሊዮን ያህል ፊደል፣ ከ5,000 በላይ ዘረ መል። ያን ያህል ጽሑፍ በዓይን አይነበብም፤ ሊነክስና አር የሚባሉትን መልመድ ግድ ነው።

ሥራ ይጠብቅሽ ይሆን ብለሽ እንዳትሰጊ። ኬልች13 በሚባለው ዘረ መል ላይ አር622አይ የሚሉት ለውጥ በሰሜን ኢትዮጵያ ተገኝቷል፤ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ዋና ንጥረ ነገር የአርቴሚሲኒን ወገን ነው፤ ይህ ለውጥ ተውሳኩ በአርቴሚሲኒን ቶሎ እንዳይጠፋ ከሚያደርጉት አንዱ ነው። አኖፌለስ ስቴፌንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የእኛዋ አራቢየንሲስ ዝናብ ያቆረውን ኩሬ ስትወድ ይህችኛዋ በከተማ በርሜልና የውሃ ታንከር ውስጥ ትራባለች። በመልክ ለመለየት ስለሚያስቸግር ማረጋገጫው ዲኤንኤ ነው።

የሚከብደውንም እንንገርሽ። ደመወዝ ብዙ ጊዜ ከፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ ያልቃል። ሪኤጀንት ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይወስዳል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ አንዲት ጠብታ አይወሰድም፤ ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ለመውሰድ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ልጁ የሚረዳ ከሆነ የራሱም እሺታ። ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ የዕቃ ማስተላለፊያ ስምምነት ይፈረማል። በዚያ ስምምነት ላይ ናሙናውን የሰበሰቡት ባለሙያዎች ስም ከጽሑፉ እንዳይቀር መጠየቅን ከአሁኑ ልመጂ።

ጥያቄ፦ ኮአርተም ከጨረስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ደህና ነኝ፤ ኪቱ ግን አሁንም ፖዘቲቭ ይላል። *ከምንጃር*

መልስ፦ የኤችአርፒ2 ፕሮቲን ተውሳኩ ከሞተ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ይቆያል፤ ኪቱ የሚያየው እሱን ነው። ትኩሳት ከተመለሰብዎ በኪት ሳይሆን በማይክሮስኮፕ ይመርመሩ። ስድስቱን ጊዜ ሁሉ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር መውሰድዎን ግን ያስታውሱ፤ በባዶ ሆድ የተዋጠ መድኃኒት በደንብ አይመጠጥም።

ጥያቄ፦ ለጥናት የተሠሩ 40 ስላይዶች ቀለም ሳይነኩ ሦስት ሳምንት ቆላ ላይ ተቀመጡ። አሁን ጊምዛ (ተውሳኩን የሚያሳየውን ቀለም) ስናደርግ ወፍራሙ ፊልም ቡናማ ሆኖ ምንም አይነበብም። እንጣላቸው? *የጤና ባለሙያ፣ ከሚዳ ወረሞ*

መልስ፦ አትጣሏቸው። ወፍራሙ ፊልም ሜታኖል የማይነካው ቀይ ሕዋሱ በውሃማው ቀለም ውስጥ እንዲፈርስ ነው። የቆላው ሙቀት ያለ ሜታኖል ፊልሙን አድርቆ አጣብቆታል፤ ሕዋሱ ስላልፈረሰ ሄሞግሎቢኑ ተውሳኩን ሸፍኖታል። ለሚቀጥለው፣ ፊልሙ እንደደረቀ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በ10 በመቶ ጊምዛ ለ10 ደቂቃ ቀቡት፤ ማቅጠኛው ውሃ ፒኤች 7.2 ይሁን። ለእነዚህ 40ዎቹ በቅድሚያ ቀጭኑን ፊልም አንብቡ፤ ሜታኖል ነክቶት ከነበረ ተውሳኩ በብዛት ባለበት ሰው ላይ ዝርያውን ያሳያችኋል። የቀረውን ወፍራም ፊልም ለእያንዳንዱ ስላይድ አዲስ የቀዶ ጥገና ምላጭ ተጠቅማችሁ ወደ ቱቦ ፋቁት፤ ቀለም የነካው ፊልም እንኳ ለፒሲአር የሚበቃ ዲኤንኤ ይሰጣል። የዘይት ቅሪት ካለበት ከመፋቃችሁ በፊት በዛይሊን ይታጠብ፤ ቁጥሩ የተጻፈበትን ጠርዝ ግን አታስነኩት።